ካሲልዳና የጊታሩ ሳንቃ

፦ ተረት ተረት።
፦ ጆሯችን ክፍት።

በድሮ ዘመን ነው። ከባሕር ማዶ፣ ስፔን በሚባለው አገር፣ ኤውሴቢዮ የሚባል ጊታር ሠሪ ነበረ። ስሙ ለአፍ አይመችም፤ ምን ላድርግ፣ ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም። አንተ ደግሞ ጊታርህን አስቀምጥና ስማኝ፤ የምነግርህ የዘር ማንዘሯን ነገር ነው።

ኤውሴቢዮ ሚስት ነበረችው፤ ካሲልዳ ትባላለች። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱና ፍሩቶስ ለሚባል አናጢ ዳሯት። ፍሩቶስም ከአማቱ ጋር እየዋለ ጊታር መሥራት ለመደ። እጁ ጥሩ ነው። የተጣመመ ነገር ሲያይ ግን እንቅልፍ አይወስደውም።

እነሱ ዘንድ ጊታር የሚሠራው ሳንቃ ላይ ነው። ሳንቃው ራሱ የጊታር ቅርጽ አለው። የጊታሩ ፊት የሚሆነው ስስ እንጨት ይመጣና ሳንቃው ላይ በፊቱ ይደፋል። ከዚያም ከኋላው ቀጫጭን እንጨቶች እንደ ጎድን አጥንት በሙጫ ይጣበቁበታል። ከዚያም አንገቱ ይገጠማል፣ ጎኑ ይገጠማል፣ ጀርባው መጨረሻ ይከደናል። ማታ ማታ ሥራ ሲያበቃ ካሲልዳ ጨርቅ ይዛ ትገባና ሳንቃውን ትወለውላለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አደረገች። ነይ ወልውዪ ያላት የለም፤ ቤቷ ነውና ቆሻሻ አትወድም።

አንድ ክረምት ኤውሴቢዮ ታመመና ሞተ። ካሲልዳ ጥቁር ለበሰች። የሥራ ቤቱን ማየት አቃታትና ደጃፉን አልረግጥም አለች።

በዚያ ከተማ የጊታር ሠሪዎች ማኅበር አለ። ሕጉም እንዲህ ነው፦ ባሏ የሞተባት ሴት የሥራ ቤቱን አንድ ዓመት ታቆያለች። ዓመቱ ሳይሞላ ከቤተሰቧ አንድ ሰው ተፈትኖ ካለፈ ይቀጥላል። ካላለፈ በሩ ይታሸጋል፣ ዕቃውም ለሌላ ይሰጣል። የነካሲልዳ ጉሮሮ ደግሞ የተንጠለጠለው በዚያ በር ላይ ነው።

ፍሩቶስ ለፈተናው ተነሣ። ሳንቃውን አወረደና አየው። የጊታሩ ሆድ፣ ማለትም የፊቱ መሐል፣ የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። ፍሩቶስም፦ አይ አማቴ፣ ሳንቃቸው ተበልቶ ኖሯል ለካ አለ። መላጊያውን አነሣና ላገው። ላገው፣ ላገው፣ እንደ መስተዋት አስተካከለው። ደስ ብሎትም ዋለ፤ የዋህ።

ከዚያም ጊታር ሠራ። ጅማቱን ወጥሮ ቢመታው ድምፁ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ታፈነ። እንጨቱ ነው አለና ሌላ እንጨት አመጣ። ሁለተኛውም ያው። ሙጫው ነው አለና ሙጫ ለወጠ። የሦስተኛውማ ሆዱ ጭራሽ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ቀረው።

ካሲልዳ ጓዳ ሆና ትሰማለች። የሦስተኛውን ድምፅ ስትሰማ አላስቻላትምና ገባች። ፍሩቶስ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ጨርቅ አነሣችና እንደ ልማዷ ሳንቃውን ወለወለች። እጇ መሐሉ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

ካሲልዳም፦ ጎድጓዳው የት ሄደ? አለች።

ፍሩቶስም፦ ያ የተበላው? አስተካከልኩት እኮ፣ እማማ አለ።

ካሲልዳም፦ የተበላ አይደለም፣ ልጄ። ነፍሱን ይማረውና ራሱ አስቦ የቦረቦረው ነው። የጊታሩ ሆድ እዚያ ውስጥ ተጭኖ ነው ነፋ የሚለው። ነፋ ካላለ ጅማቱ ሲስበው ይሰምጣል፤ እሱ ሲናገር ሰምቻለሁ አለች።

ፍሩቶስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጥልቀቱን የሚያውቅ የለም፤ ሟች የትም አልጻፈውም። ካሲልዳም፦ ዓይኔ አያውቀውም፣ እጄ ግን ያውቀዋል። አንተ ፋቅ፣ እኔ ልወልውል አለችው። እሱ ይፍቃል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትወለውላለች። ገና ነው ትላለች። ይፍቃል። ገና ነው ትላለች። በሦስተኛው ቀን እጇ ሳይደናቀፍ አለፈ። ካሲልዳ እንባዋ መጣ። በቃ፣ ከእንግዲህ አትንካው አለች።

በዚያ ሳንቃ ላይ የተሠራው ጊታር፣ ልጆቼ፣ ሲመቱት ቤቱን ሞላው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ትልቁ ባልዶሜሮ ይባላሉ። ጊታሩን ተቀባበሉና መቱት፣ ወደዱትም። የቀረው መሐላ ነው። ተፈታኙ ወንጌል መትቶ፦ ከእኔ እጅ በቀር የማንም እጅ የለበትም ብሎ ይምላል። ፍሩቶስ እጁን ዘረጋና መለሰው።

ፍሩቶስም፦ አልምልም። የአማቴ የካሲልዳ እጅ አለበት አለ። የሆነውንም ሁሉ ነገራቸው።

አንደኛው ሽማግሌ የሚፈረምበትን የፈተና ወረቀት አጥፈው አስቀመጡና፦ ሕግ ሕግ ነው፤ አላለፍክም አሉት።

ካሲልዳ በር ላይ ቆማ ነበርና ዘው ብላ ገባች።

ካሲልዳም፦ ጌቶቼ፣ እኔ ጊታር መሥራት የት አውቃለሁ? ሳንቃ ነው የምወለውለው። በእኔ ምክንያት ልጁን አትጣሉት አለች።

ባልዶሜሮም፦ በምንድን ነው የምትወለውዪው? አሉ።

ካሲልዳም፦ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ። የደረቀ ሙጫ ካለ በጥፍሬ አነሣለሁ። ካልተነሣማ ቀስ በቀስ ጎድጓዳውን ይሞላዋል አለች።

ባልዶሜሮም፦ ሚስቴ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ጊታር ሁሉ ድዳ ሆነብኝ። እንጨት ሻጩን ስራገም ኖርኩ አሉ።

ካሲልዳም፦ ሳንቃዎን ማን ይወለውልልዎታል? አለች።

ባልዶሜሮም፦ ማንም አሉ።

ከዚያም ተነሡና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሳቸውን የፈተና ወረቀት አወረዱ። ጓደኞቻቸው ፊት አስቀመጡት።

ባልዶሜሮም፦ ስፈተን አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ማታ ማታ ሳንቃዬን የምትወለውለው እሷ ነበረች። ዞር ብዬ እንኳ አላየኋት። ብቻዬን ሠራሁ ብዬ ወንጌል መታሁ። የዚህ ልጅ ወረቀት ከሚታጠፍ የእኔ ይቀደድ አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። የየቤታቸው ሳንቃ ትዝ ብሏቸው ነው መሰለኝ። ወረቀቱን ያጠፉትም መልሰው ዘረጉትና ፈረሙ። ሁለተኛውም ፈረሙ። ባልዶሜሮም ፈረሙ።

ካሲልዳና ፍሩቶስ በራቸውን ከፍተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ባልዶሜሮ ግን ያን ዕለት ቤታቸው ገቡና ውሃ አሞቁ። ጨርቅ ነከሩና ሳንቃቸው አጠገብ ተንበረከኩ። የሦስት ዓመት ሙጫ በአንድ ጊዜ አይለቅም። እስኪመሽ ወለወሉ፤ የሚስታቸውን ስም እየጠሩም አለቀሱ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ከድፎው ቁረሱልኝ፣ እርጎም ጨምሩልኝ።