የማዶው ደጋፊ አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በኳስ ያበዱበት ዘመን ነበር፤ ከሁሉም የባሰበት ደግሞ አያ ጅቦ ነበር። ደጋፊ ስላችሁ ተራ ደጋፊ እንዳይመስላችሁ! አያ ጅቦ አንዴ ከጮኸ ድምፁ ሦስት ተራራ ዞሮ ነው የሚመለሰው። ማስተዋሉ ግን፣ ምን ይደረግ፣ ከድምፁ ጋር አብሮ አልተሰጠውም።

የሚኖርበት ሸለቆ የራሱ ሜዳ፣ የራሱም ሊግ ነበረው። በአንዱ ጎኑ ትልቅ ዋርካ፣ በሌላው ጎኑ ጥቁር ቋጥኝ በቆመበት ሜዳ ላይ እሁድ እሁድ አህያ ከዝንጀሮ፣ ፍየል ከከርከሮ ይጋጠማል። ኳሱ ከሣርና ከልጥ የተጠቀለለ ነበር። በመጀመሪያ እንኳ ከቁርበት ነበር የተሠራው፤ ጨዋታው ሳይጋመስ አያ ጅቦ ስለበላው ነው ወደ ሣር የተዞረው።

ንጉሥ አንበሳ ለሜዳው ሕግ አውጥቶለት ነበር። «እሁድ ፀሐይ እስክትጠልቅ በዚህ ሜዳ ማንም ማንንም አይበላም። ዳሩ ከዋርካው እስከ ቋጥኙ በተመልካች ካልሞላ ግን ሜዳው ለጃርቶች ሥር መቆፈሪያ ይሰጣል፤ የእሁዱም ሰላም አብሮ ይቀራል።» በዚህ ሕግ የተነሣ እሁድ እሁድ ፍየል ከነብር ጎን ቆማ ስትጮኽ ትውላለች። ነብሩ ምራቁን እየዋጠ ስለ ጨዋታው ያወራታል።

የአህዮቹ ግብ ጠባቂ እመት አህዪት ትባላለች። እሷ ኳስ የምትመልሰው በደረት አይደለም፤ አህያ ናትና በእርግጫ ነው! ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ትቆምና ኳሱ ሲመጣ በኋላ እግሮቿ ታጎነዋለች። ችግሩ፣ ኳሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ አታይም። ስለዚህ አያ ጅቦ ከግቡ ኋላ፣ ፊት ለፊቷ ይቆምላታል። ግራና ቀኝ መለየት ስለማይሆንለት ኳሱ ወደ ዋርካው ሲያዘነብል «ዋርካ!»፣ ወደ ቋጥኙ ሲያዘነብል «ቋጥኝ!» እያለ ይጮኻል። እሷም ጆሮዎቿን ወደ እሱ ቀስራ ወዳላት አቅጣጫ ትራገጣለች። የሌሎቹ ቡድኖች አጥቂዎች በዚህ ነገር ተማርረው ሊሞቱ ነበር።

ይህ ሁሉ እሜቴ ቀበሮ ከአምባው ላይ ወሬ ይዛ እስክትወርድ ድረስ ነው።

«ምን እዚህ ታፈጣላችሁ!» አለች። «ከገደሉ ማዶ የሚጫወቱትን ብታዩ! ዝሆኖች ናቸው! ቡድናቸው ነጎድጓድ ይባላል። መብረቅ የሚሉት አጥቂ አላቸው፤ ሲሮጥ መሬት ይለቃል!»

እንስሳቱ እየተግተለተሉ አምባው ላይ ወጡ። እውነቱን ለመናገር ገደሉን ጉም አይለየውም፤ ከአቧራ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። እሜቴ ቀበሮ ግን ጫፍ ድንጋይ ላይ ጉብ ብላ «የእኔ ዓይን ሹል ነው፤ እያየሁ ልንገራችሁ» አለች። ለድካሟም አንዱ አጥንት፣ አንዱ ክንፍ፣ አንዱ እንቁላል ይዞላት መምጣት ጀመረ። እሁድ በመጣ ቁጥር አምባው እየሞላ፣ ሜዳው እየተራቆተ ሄደ።

አንድ እሁድ እሜቴ ቀበሮ ዓይኗን በጉሙ ላይ ተክላ ትጮኻለች። «መብረቅ ኳሱን ያዘ! አንዱን አለፈ! ሁለተኛውን አለፈ! መታው... ጎል!»

«ጎል!» አያ ጅቦ ዘሎ አጠገቡ ያለውን ድንጋይ አቀፈ። ከድንጋይ ሌላ አጠገቡ ማንም አልነበረም። የሰላሙ ሕግ አምባው ላይ ስለማይሠራ፣ ሚዳቋዎቹ አንድ ዓይናቸውን ወደ ማዶ፣ አንዱን ወደ እሱ አድርገው ከሩቅ ነው የሚቀመጡት።

በዚህ መካከል የቡድኗ ጨዋታ ያለቀላት እመት አህዪት ዳገቱን እያለከለከች ወጣች። ከአያ ጅቦ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬ ከርከሮዎች ዘጠኝ አገቡብን።»

«ዘጠኝ! እኔ እኮ የማላያችሁ ለዚህ ነው! አትችሉማ!»

«የማንችለው ስለማታዩን ነው እንጂ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቆመው፤ ዓይኔ አንተ ነበርክ። ከሄድክ ወዲህ ፍየሏን አቁመናት ነበር፤ ቅጠል ስታይ ረሳችን።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«በሚመጣው እሁድ ንጉሥ አንበሳ ራሱ ሊያይ ይመጣል። ዳሩን ባዶ ካገኘው ሜዳው ለጃርቶች ነው። እባክህ ና!»

እሜቴ ቀበሮ ወደ አያ ጅቦ ጆሮ ጠጋ አለች። «ሞኝ አትሁን። ሜዳው ከጠፋ እኮ የእሁዱም ሰላም ይጠፋል። አህያ፣ በእሁድ!»

ይህን ሲሰማ የአያ ጅቦ ምራቅ ድንጋዩ ላይ ተንጠባጠበ። እመት አህዪት ምራቁን አየችና ወደ ኋላ ወደ ኋላ አለች።

«እኔን ለመብላት ሌላ ስድስት ቀን አለህ፤ ከደረስክብኝ» አለችው። «እሁድ ግን የሚጮኽልኝ ሌላ የለኝም።» ይህን ብላ ቁልቁለቱን ወረደች።

አያ ጅቦ ትንሽ ቅር አለው። የሰንጋ ቅልጥም በጉያው ይዞ ነበር። እሜቴ ቀበሮ ቅልጥሙን ካየች ቆይታለች።

«መብረቅ ቅድም ጎሉን ሲያገባ ምን እንዳለ ልንገርህ? ‹ይህቺ ለአያ ጅቦ ትሁንልኝ!› አለ።»

«ስሜን ያውቀዋል?»

«እንዴት አያውቀውም! ከጨዋታ በኋላ ለደጋፊ ጮማ ሲቆረስም ‹የአያ ጅቦን ድርሻ አስቀምጡለት› ይላል።»

ዝሆን ቅጠል በል መሆኑ አያ ጅቦን ትዝም አላለው። ቅልጥሙን ወረወረላትና ብድግ አለ። «እንግዲያው ሄጄ እበላዋለሁ!»

«ኧረ መንገዱ ሩቅ ነው! ኧረ አያ ጅቦ!» እሜቴ ቀበሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጠች። እሱ ግን ገደሉን እየተንደረደረ መውረድ ጀምሮ ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ወጥቶ፣ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ማዶ ደረሰ። ማዶዎቹ ረቡዕም ይጫወታሉ። እንዴት ያለ ጨዋታ ነው! ሜዳው አረንጓዴ፣ ኳሱ ከእግር እግር ይፈስሳል፣ ዳሩ ከአድማስ እስከ አድማስ በተመልካች ታጭቋል። ቀበሮዋ በዚህስ አልዋሸችም። አያ ጅቦ ደስታው ልቡን ሊያፈነዳው ደረሰ። ጎርደድ ጎርደድ እያለ ወደ ፊት አለፈና «መጥቻለሁ! አያ ጅቦ ነኝ! ቁርበት አንጥፉልኝ!» አለ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ነው አሉ፣ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል የተባለው። ያነጠፈለት አልነበረም። የሜዳ አህዮቹ ሸሹት፤ አንድ ሽማግሌ ዝሆን ብቻ አንገቱን አዙሮ አየው።

«ማን ነህ አንተ?»

«የመብረቅ ደጋፊ ነኝ ጌታው! ባለፈው እሁድ እንኳ በስሜ ጎል አግብቶልኛል!»

«መብረቅ? እሱ እኮ እግሩን ታሞ ከተኛ ዓመት አለፈው። እሁድ ደግሞ እኛ አንጫወትም፤ ያ አቧራ የጎሽ መንጋ ውኃ ሲወርድ የሚያስነሳው ነው።»

 ያን ሁሉ እሁድ፣ ያን ሁሉ አጥንት፣ ለጎሽ አቧራ!

ሽማግሌው አዘነለት። «ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከወዲያ፣ ከሸለቆው።»

«እናንተ ዘንድ ኳስ የለም?»

«አለ። ግን ደካማ ነው።»

«ማን እየመራ ነው?»

አያ ጅቦ አሰበ። እንደገና አሰበ። አላወቀም። አፈረ።

«እኛም ስንጀምር ኳሱን ትተን እርስ በርሳችን ነበር የምንረጋገጠው» አለ ዝሆኑ። «ያኔም እነዚህ ሁሉ እዚሁ ቆመው ይጮኹልን ነበር። እንግዳ ነህና ጨዋታውን እይ፤ ጩኽም፣ ማንም አይከለክልህም።»

አያ ጅቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ሦስት ተራራ የሚዞረው ያ ድምፅ በዚያ ሁሉ ሺህ ጩኸት መካከል ገባና ጠፋ። አንድም አንገት አልዞረም። እንደገና ጮኸ፤ ራሱም አልሰማው። ያን ጊዜ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ድንገት ትዝ አሉት። ገና አፉን ሲከፍት ወደ እሱ የሚቀሰሩት የእመት አህዪት ጆሮዎች ናቸው። በዓለም ላይ እሱን የሚጠብቅ ጆሮ ያለው እዚያ ብቻ እንደሆነ ገባውና ሆዱ ባባ።

«ጌታው፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ረቡዕ።»

«እሁድ እደርስ ይሆን?»

«ከሮጥክ ትደርሳለህ።»

ሮጠ! እህል ውኃ ሳይል፣ ራብ እየጣለው እየተነሣ፣ አራት ቀንና ሌሊቱን ሮጠ። እሁድ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አምባው ላይ ብቅ ቢል እሜቴ ቀበሮ ያው ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ «መብረቅ አገባ!» እያለች ትጮኻለች።

«መብረቅ ታሟል! ከተኛ ዓመቱ ነው! እናንተ የምታዩት የጎሽ አቧራ ነው!» ብሎ ሳይቆም አለፈ። ከኋላው ጉምጉምታው ሲነሣ፣ ቀበሮዋም «ኧረ ውሸቱን ነው!» ስትል ይሰማዋል። አልዞረም።

ሜዳው ሲታይ ያሳዝናል። ንጉሥ አንበሳ ከዋርካው ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ጃርቶቹ በአንድ ጥግ ተሰልፈው ጥፍራቸውን በድንጋይ ይስላሉ። ዳሩ ላይ ሁለት ፍየልና አንድ አንካሳ ቆቅ ቆመዋል። አህዮችና ዝንጀሮዎች ሁለት ለሁለት ሆነው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ለዝንጀሮዎቹ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጥቷል። ደግነቱ ዳኛው ኤሊ ነው! ኳሱን እየገፋ ወደ መምቻው ቦታ ሲሄድ ገና መንገዱን አላጋመሰም።

«ኤሊ ኳሱን ካደረሰ በኋላ አንድ ምት ይመታል» አለ ንጉሥ አንበሳ። «ከዚያ ዳሩን አያለሁ። የማየው ያው ባዶ ከሆነ ፍርዴ ታውቋል።»

እመት አህዪት ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ማንም የለም። ጆሮዎቿ ወድቀዋል።

አያ ጅቦ ይህን ከሩቅ አየና ቆሞ፣ አንገቱን ቀልብሶ፣ «መጣሁ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ሦስቱን ተራራ ዞረ።

እንግዲህ በዚያ አገር የጅብን ጩኸት የማያውቅ የለም። ተኩላውም፣ አሞራውም፣ ነብሩም «ጅብ ጮኸ፤ ሥጋ ተገኝቷል ማለት ነው!» ብለው ቁልቁል ተግተለተሉ። ሚዳቋውና ጥንቸሉ ደግሞ «ጅብ መጣ! ወደ ሜዳው! በእሁድ የማንበላው እዚያ ብቻ ነው!» እያሉ ነፍሳቸውን ለማዳን ሮጡ። የበይውም የተበይውም መንገድ ወደ አንድ ቦታ ሆነ። ከዋርካው እስከ ቋጥኙ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። ሲደርሱ ሥጋ የለም፤ ኳስ ግን አለ። ኳስ ካዩ ደግሞ ማን ዝም ይላል! ሜዳው በጩኸት ተናወጠ።

ኤሊ ኳሱን አደረሰ። የዝንጀሮዎቹ አለቃ ለመንደርደር ወደ ኋላ ሄደ። አያ ጅቦ ከግቡ ኋላ ተንሸራትቶ ቆመ። ከእመት አህዪት ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። አንድ ሳምንት ሳይበላ የከረመ ጅብና አንዲት የደለበች አህያ! ጆሮዎቿ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ እሱ ተቀሰሩ።

ዝንጀሮው ተንደረደረ። ወደ ዋርካው አየ፤ ሲመታ ግን እግሩን አጠፈ።

«ቋጥኝ!»

እመት አህዪት ዞር ብላ ሳታይ፣ ለምን ሳትል፣ ወደ ቋጥኙ ተወርውራ ተራገጠች። ኳሱ ተስፈነጠረ፤ ሜዳውን አለፈ፤ ዳሩን አለፈ፤ ወጣ፣ ወጣና አምባው ላይ ብቻዋን የቀረችው እሜቴ ቀበሮ አጠገብ ዱብ አለ። ነብሩ ፍየሏን አቀፋት። ፍየሏ መታቀፏን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ንጉሥ አንበሳ ከዋርካው ተነሥቶ ዳሩን እስከ ቋጥኙ በዓይኑ ለካ። «ክፍተት አላየሁም» አለ። «ጃርቶች ወደ ቤታችሁ። ሜዳው ሜዳ ነው!»

ጩኸቱ ጋብ ሲል እመት አህዪት ወደ አያ ጅቦ ጠጋ አለች። የሆድ ጉርምርምታ ሰማች።

«አያ ጅቦ፣ ሆድህ ነው?»

«ሆዴ ነው።»

ሁለቱም ወደ ፀሐይዋ አዩ። ልትጠልቅ አንድ ጣት ያህል ቀርቷታል። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ፤ እንደገና ዋጠ፤ ፊቱንም አዞረ።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሂጂ እንጂ! ቶሎ በዪ!» ብሎ ጮኸባት። «እኔ ሆዴን አላምነውም! በሚመጣው እሁድ ማን ግብ ሊጠብቅልን ነው?»

እመት አህዪት እየሳቀች ፈረጠጠች። ከዚያ ወዲህ አያ ጅቦ የማዶን ነገር ጨርሶ አልተወም፤ ረቡዕ ረቡዕ ጉሙ ገለጥ ካለ አምባው ላይ ወጥቶ በገዛ ዓይኑ ያያል። እሁድ የት እንደሚገኝ ግን ሸለቆው ሁሉ ያውቃል።

ከዚህ የምንማረው የማዶውን ጨዋታ ማድነቅ ነውር ባይሆንም የአገራችን ሜዳ የሚያምረውና የእኛም ድምፅ የሚሰማው በራሳችን ሜዳ ዳር ቆመን ስንጮኽ መሆኑን ነው።