መጋረጃውን የረሳችው አዋላጅ

አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት አዋላጅ ነበረች፤ ሲስተር ትንግርት ይሏታል። እጇ ቅቤ፣ ምላሷ ሚጥሚጣ ነው። አንድ ጠባይ አላት፤ ሴት ልትመረምር ስትል መጀመሪያ መጋረጃ ትዘጋለች። ጣቷን እሾህ የወጋት ሴት ብትመጣ እንኳ ትዘጋለች። ባልደረቦቿ «ጣት ለማየት ደግሞ ምን መጋረጃ አስፈለገ?» ብለው ሲስቁባት፣ «ጣቱ የሷ ነው፤ ማን እንደሚያየው እሷ ትምረጥ» ትላቸዋለች።

እናላችሁ ይቺን አዋላጅ አንድ ነገር ያንገበግባታል። እናቶች የእርግዝና ክትትል ይጀምሩና ይጠፋሉ። ሲመለሱ አንዳንዴ በቃሬዛ ነው። ከሁሉም ይልቅ ብርቄ የምትባል ሴት ታሳስባታለች። ብርቄ ሁለት ጊዜ ጽንስ አጥታለች፤ ደም ግፊት አለባት። አሁን ሦስተኛውን ይዛለች። ይቺ ሴት ቀጠሮ ከቀረች ነገር ይበላሻል። ለሁሉም እንዳትደውል እሷ አንድ፣ እናቶቹ የትየለሌ። ስታወጣ ስታወርድ ከረመችና «ለምን ኮድ መጻፍ አልማርም?» አለች።

ኮድ ምንድነው ካላችሁ፣ ለኮምፒውተር የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ሰነፍ ባልን ሱቅ እንደመላክ ቁጠሩት። «ሂድ፣ ሽንኩርት ግዛ፣ ሽንኩርት ከሌለ ተመለስ» ካላላችሁት፣ እዛው ሱቁ በር ላይ ተገትሮ ይቀራል። ኮምፒውተርም እንደሱ ነው፤ ያልነገሩትን አያውቅም።

ትንግርት ከሥራ መልስ አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፋ በኢንተርኔት መማር ጀመረች። አንዲት ነጥብ ስትጎድል ፕሮግራሙ አልሠራም ይላል። «ለአንዲት ነጥብ ብሎ? ይሄስ ከንብረት ክፍሉ ሰውዬ ባሰ» ትላለች፤ ግን አትተወውም። ፋርማሲስቱ ይግረማቸው በመስኮት ብቅ ይልና ይነካካታል።

«ሲስተር፣ ምጡ እንዴት ነው?»

«ጭንቅላቱ ታይቷል። ዝም በል፣ አሁን ነው ፀጥታ የሚያስፈልገኝ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የይግረማቸው ስልክ ጢው አለች። መልእክቱ ከኮምፒውተሩ በራሱ የተላከ ነበር። ትንግርት እልልታዋን ስታቀልጠው በሽተኛው ሁሉ መንታ የተወለደ መስሎት ወጣ። ከዛማ ምን አለፋችሁ፣ ለእናቶቹ ሁሉ መልእክት ተላከ፤ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ የእርግዝና ክትትልሽ ሐሙስ ጠዋት ነው፤ እንዳትቀሪ» ይላል። ሐሙስ ጤና ጣቢያው ጢም ብሎ ሞላ፤ አግዳሚው አልበቃ ብሎ ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ትንግርት መሬቱን አልረግጥ አለች። ያም ያም «ኮምፒውተር ያዋለደች» ይላታል።

ብርቄ ግን የለችም።

በማግስቱ ትንግርት በእግሯ ብርቄ ቤት ድረስ ሄደች። ብርቄ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ ግቢ አላለቻትም።

«ብርቄ፣ መልእክቱ አልደረሰሽም?»

«ደርሷል ሲስተር። ላገሩ ሁሉ ደርሷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩ የባሏ የአድማሱ ነው። አድማሱ ፊደል አልቆጠረም። እህል ሊያስፈጭ ሄዶ ሳለ ስልኩ ሲጮህበት ለባለወፍጮው «አንብብልኝ» ብሎ ሰጠው። ባለወፍጮ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከሞተሩ ጋር እየተፎካከረ ስለኖረ በሹክሹክታ መናገር ተረስቶታል። «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ አምባረቀው። ወፍጮ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ብርቄ እስከዛ ቀን ላማቷ እንኳ አልተናገረችም ነበር።

«ሁለቱንም ያጣሁት ሰው ካወቀ በኋላ ነው» አለች ብርቄ። «አሁን ውሃ ስቀዳ ሰዉ እኔን አያይም፤ ሆዴን ነው የሚያየው። አንቺ ጋ ስመጣ ደግሞ ወሩን ሊቆጥሩልኝ ነው። አልመጣም።»

«ባልሽስ ምን ቆርጦት ነው ሰው ፊት ያስነበበው?»

«እሱ ምን ያርግ? የኔ ጉዳይ መሆኑን በምን አውቆ? የላክሽው አንቺ ነሽ።»

ትንግርት መንገዱን ሙሉ ባልየውን ስትረግም፣ ባለወፍጮውን ስትረግም ተመለሰች። ክፍሏ ስትደርስ ጣቷ ያበጠባት አንዲት ሴት ጠበቀቻት። ትንግርት ገና አፏን ሳትከፍት እጇ በልማዱ ሄዶ መጋረጃውን ሳበ። እዛው መጋረጃውን እንደያዘች ቀረች።

«ሲስተር፣ ምን ሆንሽ?» አለች ሴትዮዋ።

«መጋረጃውን ለኮምፒውተሩ አልነገርኩትም» አለች ትንግርት።

ሴትዮዋ ምኑም አልገባትም፤ ጣቷን ዘረጋች።

አሁንስ ትንግርት ቶሎ ላፕቶፕ ላይ አልተደፋችም። መጀመሪያ እናቶቹን አንድ ባንድ «እንዴት ብጠራሽ ይሻልሻል?» ብላ ጠየቀች። ከዛ ሁሉንም አፍርሳ እንደገና ጻፈችው። አሁን ኮምፒውተሩ ጽሑፍ አይልክም፤ ይደውላል። ስልኩ ሲነሳ «ሰላም፣ ጤና ጣቢያ ነው» ይላል፤ በቃ። እናትየው ራሷ የመረጠችውን የምስጢር ቁጥር ስትነካ ብቻ የተቀዳ የትንግርት ድምፅ ቀጠሮውን ይነግራታል። ሌላ ሰው ከነካካው «ደህና ይዋሉ» ብሎ ይዘጋል።

የመጀመሪያውን ቁጥር ያስመረጠችው ብርቄን ነው።

«አንቺስ ቁጥሬን ታውቂዋለሽ?» አለች ብርቄ።

«እኔም አላውቀውም። ያወቁትን አወቁ ብርቄ፤ ከእንግዲህ ያለው ግን ያንቺ ነው። ቀጠሮሽን ገበያ ቀን አደርገዋለሁ። ማን ለጨው፣ ማን ለሆዷ እንደወጣች ማን ይለያል?»

ብርቄ ሳቀች። መጣችም። ደም ግፊቷ ሽቅብ ሲል ተደረሰበት፤ መድኃኒት ተሰጣት። አማቷ እትዬ ጠጂቱ ግን ስልኩን ይዘው ያልነኩት ቁጥር የለም። «ይቺ ልጅ ደህና ይዋሉ ከማለት ሌላ ሥራ የላትም እንዴ?» አሉ መጨረሻ ላይ።

የመውለጃዋ ቀን ደርሶ መጋረጃው ተዘጋ። የልጁ ለቅሶ የወፍጮውን ሞተር ያስንቃል። ብርቄ ልጁን ደረቷ ላይ አስተኝታ አድማሱን አስጠራችውና እንዲህ አለችው፦

«በል አሁን ሂድ፤ ወፍጮ ቤት ንገር።»

ዛሬ እዛ ጤና ጣቢያ ኮድ የማይማር የለም። ይግረማቸው መድኃኒት ሳያልቅ የሚያስታውስ ነገር እየጻፈ ነው፤ አምስቴ ወድቆበታል፤ አሁን ተራው የትንግርት ነው፣ በመስኮት ብቅ እያለች «ምጡ ገፋ?» ትለዋለች። ገና መጻፍ ለሚጀምር ሁሉ ግን መጀመሪያ የምትጠይቀው «መጋረጃው የታለ?» ብላ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አዲስ ሙያ ስትጀምሩ የድሮውን ሙያችሁን እንደ ጫማ በር ላይ አታውልቁት፤ ይዛችሁት ግቡ። ማሽን የነገሩትን ይሠራል፤ ሰውን ማክበር ግን ካልነገሩት አያውቅም። የሚነግረው ደግሞ ከሰው ጋር ውሎ የሚያድር ሰው ነው። ነርሱም፣ አዋላጇም፣ ፋርማሲስቱም ይማሩ፤ እሰየው ነው። እናንተስ ዛሬ በስልካችሁ የሰው ጉዳይ ስትልኩ፣ ወፍጮ ቤት የሚነበብ ቢሆንስ ብላችሁ ታውቃላችሁ?