ወተቷን ያስጾመችው ላም

ቀረብ በሉ። ከብት እንደ ሰው በሚያወራበት፣ ሸክላም ሲጠየቅ በሚመልስበት ዘመን የሆነ ነው።

ወይዘሮ ጠጅቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ላም፣ ዶሮ፣ የሸክላ ድስትና አንድ ሽማግሌ አህያ ነበሯቸው። ሰውም ከብትም የሚያድሩት በአንድ ጣራ ሥር ነው። አህያው በወጣትነቱ ጨው ተሸክሞ ከቆላ ደጋ ተመላልሷል። ጀርባው ላይ ጠባሳ አለ። ስለዚያ ዘመን ሲጠይቁት፣ «ነበር፤ አለፈ» ይላል። ሌላ አይጨምርም።

የልደት ዋዜማ ነው። ወይዘሮ ጠጅቱ ነጭ ለብሰው፣ እሳታቸውን አዳፍነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እሳቸው እንደ ወጡ አስካለ የምትባል መንገደኛ ሴት ምጥ ይዟት ጋጣው ውስጥ ገባች። ብትጣራ ሰው የለም። ገለባው ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች።

ነፋሱ በበሩ ይገባል። ሕፃኑ ይንቀጠቀጣል። ጡቷን ብትሰጠው ጠብ የሚል ነገር የለም። ከትናንት ጀምሮ ትኩስ ነገር አልቀመሰችም።

«የሞቀ ነገር ባገኝ ይህን ልጅ አተርፈው ነበር» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ሳታውቅ።

አህያው ሰማት። ወደ ላሟ ሄደ።

«እመት ላም፣ ወተት ስጪያት።»

«ምነው አያ አህያ፣ ዛሬ እኮ ገሃድ ነው። ጾሙ የሚፈታው ነገ ነው። ወተቴም እስከ ነገ ይጾማል።»

«አራስ አትጾምም።»

«እሱን ለቄሱ ንገር። የእኔ ቅድመ አያት ጌታን በትንፋሿ ያሞቀች ናት። ከእንዲህ ያለ ዘር ተወልጄ ጾም ላስገድፍ?»

«የእኔም ቅድመ አያት እዚያው ነበር።»

«እሱስ ነበር። ግን በሩ ጋ።»

ወደ ዶሮዋ ሄደ።

«እመት ዶሮ፣ እንቁላል ስጪያት።»

«እንቁላልም ይጾማል። ደግሞ ነገ ማን እንደሚታረድ ሳላውቅ ንብረቴን አልበትንም።»

ወደ ድስቱ ሄደ።

«አያ ድስት፣ ውሃ እንኳ አሙቅላት።»

«እኔ ለነገ ወጥ ታጥቤ የተደፋሁ ነኝ። ጥላሸት ነክቶኝ እመቤቴ ቢያዩኝስ? ይልቅ ዶሮዋን እንደገና ለምናት፤ ነገ እኔው ዘንድ ናት።»

«አፍህ ይሰበር» አለች ዶሮዋ።

አህያው ወደ ቦታው ተመለሰ። ራቱን አየው። ወይዘሮ ጠጅቱ ለበዓሉ ብለው ጭዱን አብዝተውለታል። ጨው ተሸክሞ ሆዱ ባዶ ያደረበትን ጊዜ አሰበ። ከዚያ ማሰቡን ተወ። ጭዱን በአፉ እየነከሰ ወደ ምድጃው አጋዘ። አመዱን በትንፋሹ ገለጠ፤ ፍሙ ጭዱን ያዘ። ጭድ ቶሎ ይነዳልና ተመላለሰ፤ እስኪያልቅ ተመላለሰ። ሲያልቅ ሄዶ በሩ ላይ በጎኑ ቆመ። ነፋሱ እሱ ላይ ቀረ።

አስካለ ታየው ነበር።

«ራትህን አቃጠልከው። አንተስ ምን ልትበላ ነው?»

«በልቻለሁ።»

«ውሸት እንኳ በቅጡ አትችልም» አለችው። የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ለመንገድ የያዘቻት፣ እፍኝ የማትሞላ የገብስ ቆሎ ነበረች። ከዚያችው ከፍላ በመዳፏ ዘረጋችለት።

«ያንቺ ነው» አለ አህያው።

«እንካ አልኩህ። ልጄ በተወለደበት ቤት ጦሙን የሚያድር የለም።»

ላሟ ማመንዠክ አቆመች። ከአህያው ጥርስ ሥር ከሚንኮሻኮሸው ቆሎ በቀር በቤቱ ድምፅ የለም።

«አያ ድስት» አለች ላሟ።

«አቤት።»

«ወደዚህ ና።»

«ገሃድ ነው ስትይ አልነበር?»

«ገሃዱ የእኔ ነው፤ የእሷ አይደለም። ቶሎ በል፣ እሳቱ ሳይጠፋ።»

ድስቱ እየተንከባለለ መጥቶ ከሥሯ ተቀመጠ። ወተቱ ወረደ። ድስቱም ጥላሸቱን ረስቶ ምድጃው ላይ ወጣ። ዶሮዋ ጥቂት አጉረመረመች፤ ከዚያ እንቁላል ጣለች። «ለልጁ ስል ነው፤ ለድስቱ አይደለም» አለች።

አስካለ ጠጣች። ጡቷ አጋተ። ሕፃኑ ጠብቶ ተኛ። ላሟም ሄዳ ከአህያው ጎን ቆመች።

«ፈቀቅ በል» አለችው፤ «ነፋሱ ለሁለታችንም ይበቃል።»

ሲነጋጋ ወይዘሮ ጠጅቱ ከቅዳሴ ተመለሱ። ድስታቸው ጠቁሮ፣ ወተት ወተት ሸትቶ አገኙት።

«ማነው ከእኔ በፊት የገደፈ?»

በጋጣው በኩል ሕፃን አለቀሰ።

ባልቴቷ ቆመው አዳመጡ። ወደ ውስጥ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ጋቢያቸው ትከሻቸው ላይ አልነበረም። ድስቱን አለቅልቀው ውሃ ጣዱበት፤ የአራስ ገንፎ ሊያገነፉ። ቅቤውንም አወጡ። የራሳቸው መፈሰኪያ ቆየ።

ተረቴ ይህ ነው፤ እናንተ ዘንድ አይቅር፣ ለሌላ ስጡት። ጾም የተሰጠው ለአፋችን ነው፤ ለእጃችን አይደለም።