የቅርጫው ሻኛ ለማን?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ሳይሆን ባለፈው ፋሲካ፣ እንኮይ ሜዳ በሚባለው ሰፈራችን አንድ ቅርጫ ነበረን። አባላቱ አሥራ ሁለት ቤት ነን። እኔም፣ ጡረታ የወጣሁት የሰፈሩ መምህር፣ አንዱ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን ነገር ከሰው አልሰማሁትም፤ ድርሻዬን በልቼበታለሁ።

ቅርጫን መቼም ታውቁታላችሁ። በሬው በጋራ ተገዝቶ በጋራ ይታረድና ሥጋው እኩል ተመድቦ በዕጣ ይወሰዳል። ሌላ ሰፈር ሻኛውም እንደማንኛውም ብልት ተቆራርጦ ይመደባል። እኛ ዘንድ ግን አይነካም። እንዳለ ትሪ ላይ ተቀምጦ ለቅርጫው አባት ይሰጣል፤ ሻኛውን የተቀበለ ሰው ደግሞ የከርሞውን ቅርጫ የመጥራት ኃላፊነት አለበት። መጀመሪያ የቅርጫው አባት የአምሳ አለቃ ወንድይራድ ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ ሻኛውም ሥራውም ለባለቤታቸው ለእማማ አጸደ ተላለፈ። እማማ አጸደ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ፋሲካ አላስታጎሉም።

ሰፈሩ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ግማሹ ፈርሷል። ከአሥራ ሁለታችን ሰባቱ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወጥተዋል። እናርድበት የነበረው ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሮ ፎቅ እየተሠራበት ነው። ሥጋውን ሲመድቡልን የኖሩት ጋሽ ውብሸትም ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም። እማማ አጸደ ራሳቸው ክረምቱ ሲወጣ የከተማው ጫፍ ወደ ደረሳቸው ቤት ይገባሉ። በሕማማት መግቢያ ሰበሰቡንና ጉልበታቸው እንደከዳቸው ነገሩን። ዘንድሮ ሻኛውን እንደማይወስዱ፣ አብረን እንድንበላ ምክንያት ለሆነው ሰው እንደሚሰጡት፣ ሰው ከጠፋም ቅርጫው በዚሁ እንደሚያበቃ ተናገሩ። አንዳንዱ ከሥጋ ቤት በኪሎ መግዛት ይቀላል ብሎ አጉረመረመ። ሌላው ዝም አለ። እኔም ዝም ካሉት ውስጥ ነበርኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ዳምጠው የታክሲ ሾፌር ነው። ከሰፈሩ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። በሬ ማወቅ ግን ከአባቱ የወረሰው ነው፤ አንዴ ዞር ብሎ ካየው ጮማውን ከነልኩ ይነግርሃል። እኛ ይገዛ አይገዛ እያልን ስንከራከር እሱ ሐሙስ ማለዳ ማንንም ሳያማክር ከብት ተራ ወርዶ ገዝቶ መጣ። ከጭነት መኪና ሲያወርደው ሳቅን። አጭር፣ ጸጉሩ የተንጨፈረረ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ በሬ ነው። እኔማ ለመታረድ ሳይሆን ለመታከም ነው የመጣው ብዬ ቀለድኩ። ዳምጠው አልተቆጣም።

«ቆዳውን አትዩ፤ እሁድ እንነጋገራለን» አለ።

እሁድ ቆዳው ሲገፈፍ እውነትም ቀልዴን ዋጥኩት። እንዲያ ያለ ሥጋ ካየን ስንት ዘመናችን! ከሁሉ በላይ ግን በሬው መጥቶ ከታሰረ በኋላ ቅርጫው ይቅር የሚል አፍ አልተገኘም። የወጡትም ሁሉ ተመለሱ።

ሰማን ጎማ ጠጋኝ ነው። ሙስሊም ስለሆነ የእኛን እርድ አይበላም፤ የቅርጫው አባልም ሆኖ አያውቅም። በሬው ተገኝቶ ማረጃ ቦታ ሲጠፋ ግን መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው። የፎቁ ዘበኛ ወደ ሜዳው አላስገባንም፣ መንገድ ላይ ማረድ ደግሞ አይቻልም። ሰማን ከሱቁ ጀርባ ያለውን ግቢ ከጎማ አጽድቶ፣ ወለሉን በውኃ አጥቦ ኑ አለን። ሄድን። ነገር ግን የብረት በሩ ለሰው እንጂ ለበሬ አልተሠራም፤ በሬው ገና ጠባቡን ሲያይ እግሩን ተከለ። ቢጎትቱት ቢገፉት እምቢ አለ። ሰማን ትንሽ ቆሞ አየና መዶሻ አምጥቶ የግቢውን አጥር ግንብ ይንደው ጀመር። ሚስቱ ሮጣ ወጣች።

«ለማትበላው ሥጋ ግንብ ታፈርሳለህ?» አለችው።

«ጎረቤቶቼ ይበሉታል» አላት፤ መዶሻውን ግን አላቆመም።

በሬው በፈረሰው በኩል ዘና ብሎ ገባ። ግንቡ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ሰማን በሸራ ጋርዶታል።

ትርንጎ የጋሽ ውብሸት ልጅ ናት፤ መንገድ ዳር ፀጉር ቤት አላት። በዚያ የፋሲካ ማለዳ ዳምጠው በስመ አብ ብሎ አረደ፣ ተገፈፈ፣ ተበለተ። በጋሽ ውብሸት ምትክ ይመድባል የተባለው ሰውዬ ግን ቀረ፤ ስልኩም ተዘጋ። ፀሐይ ወጣ። ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ ተዘርግቶ ሰው እርስ በርሱ መጠራጠር ጀመረ። አንዱ ጎድኑ ወደ እነ እንትና አደላ ይላል፣ ሌላው ጉበቱን በዓይኑ ይጠብቃል። ሁለት ዋርሳዎች ሊያያዙ ትንሽ ቀራቸው። ትርንጎ ይህን አይታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ስትመለስ የአባቷን ቢላዋ ይዛለች። ጋሽ መንበሩ የሚባሉት ሽማግሌ ሴት ቅርጫ ስትመድብ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

«እኔም አላየሁም፣ ጋሼ» አለች። «አባቴ ሲመድብ ግን ብልቱን የማቀብለው እኔ ነበርኩ።»

ጎንበስ ብላ ጀመረች። አሥራ ሁለት መደብ አወጣች። ጋሽ መንበሩ አላመኑም፤ ከሱቅ ሚዛን አስመጥተው ሁለቱን መደብ አስመዘኑ። መርፌው ለሁለቱም አንድ ቦታ ቆመ። ተበላሽቶ እንዳይሆን ሚዛኑን በመዳፋቸው ደበደቡት፤ እንደገናም እዚያው ቆመ። ዕጣ ሲጣል ማንም ወደ ጎረቤቱ መደብ አላማተረም። ዋርሳዎቹ አንዱ የሌላውን ፌስታል ተሸክሞለት አየሁ።

ሻኛው ትሪ ላይ ብቻውን ቀረ። ያኔ ክርክሩ ተነሣ። ገሚሱ ለዳምጠው አለ፤ የእሱ ኮንዶሚኒየም ማረጃ ቦታ አለው፣ ከወጡት ሰባት አምስቱም እዚያው አካባቢ ናቸው። ዳምጠው ግን የማይዋሽ ሰው ነው። እሱ ዘንድ ከሄደ ቅርጫው እንደሚኖር፣ እንኮይ ሜዳ ግን ቅርጫ እንደማያይ በግልጽ ተናገረ።

ገሚሱ ለሰማን አለ። ቦታው የራሱ ነው፣ ከሁላችንም እዚህ የሚቀረው እሱ ነው፤ የተበተነው ሁሉ ዓመት ቆጥሮ የሚመለስበት ደጅ ይኖረዋል። ሥጋውን የማይቀምስ ሰው እንዴት የቅርጫ አባት ይሆናል ያሉም ነበሩ። ሰማን ይህን ሰምቶ ሳቀ።

«ብትሰጡኝ አልበላውም» አለ። «ባትሰጡኝ ግን ይከፋኛል።»

ገሚሱም ለትርንጎ አለ። ሥራውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ቦታና በሬ ሞልቶ መዳቢ ከጠፋ ቅርጫ ጠብ ነው። ግን ፀጉር ቤቷ ላይ የሚፈርስ ተብሎ ቀይ ምልክት ተደርጎበታል፤ ከርሞ የት እንደምትሆን እሷም አታውቅም። የአባቷን ቢላዋ ያወጣችው መልሳ ሳጥን ውስጥ ልትከተው እንዳልሆነ ብቻ ነገረችን።

እማማ አጸደ ሦስቱንም ተራ በተራ አዩ። ትሪውን አነሡ። ወደ ሦስቱም ሳይሆን ወደ እኔ መጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«መምህር» አሉኝ፣ «የዚህን ሰፈር ልጆች ሠላሳ ዓመት ስትጥልም ስታሳልፍም ኖረሃል። እስቲ ዛሬ ደግሞ አንዱን አሳልፍ።»

ሦስቱንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ። አሥራ ሁለቱ ቤት ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ የጾሙ ረኃብ ሳይለቀው፣ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ቆሞ ያየኛል። እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ሻኛውን ለማን ትሰጡ ነበር?