የማንይፍታው ቄጠማ

ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ሁለቱ ሰፈሮች በሚዋሰኑበት ዝቅታ ላይ ቄጠማ የሚበቅልበት ረግረግ አለ፤ ስሙም ማንይፍታው ይባላል። እንግዳ ሰው ሲሰማው የአንድ ባላባት ስም ይመስለዋል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ግን ስሙ የወጣው ከአንዲት ሴት አፍ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ በወዲህኛው ሰፈር ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ደርበው በግጦሽ ድንበር ከማዶው ሰው ከቢያድግልኝ ጋር ተጣልቶ እዚሁ ረግረግ ዳር ተገደለ፤ ገዳዩም በረሃ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰፈሮች ለቅሶ እንኳ አይደራረሱም ነበር፤ ደሙ ከፈሰሰበት ስፍራም ማንም ሣር አያጭድ፣ ከብት አያሰማራ። በፋሲካ ዋዜማ፣ በቀዳም ስዑር፣ ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ የሰላምና የትንሣኤ ብሥራት የሆነውን ቄጠማ ለየቤቱ ሲያድሉ፣ ትርንጎ በሯን ሳትከፍት «ሰላም እኔ ቤት አልገባም፤ እለፉ» ትላቸው ነበር ይባላል። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

በዐሥረኛው ዓመት በልጉ ሳይዘንብ ቀረና ያ ሳይነካ የኖረው የደም ስፍራ ብቻ ሲቀር የአገሩ ቄጠማ ሁሉ ደረቀ። የንስሐ አባቷ መምሬ ሣህሉ በማለዳ መጥተው «ልጄ፣ ያለ አንቺ ፈቃድ አናጭደውም፤ ካልፈቀድሽ ያለ ቄጠማ እንውላለን» አሏት። ትርንጎ ከስቅለት ጀምራ እህል ውሃ አልቀመሰችም። እሷ ግን «እኔው አጭደዋለሁ» ብላ ማጭዷን ይዛ ወረደች።

እዚያ ስትደርስ አንድ የመነመነ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኮ አገኘች። ቢያድግልኝ ነበር።

«እሜቴ፣ በረሃው አልገደለኝም፤ እንቅልፍ ግን ነሣኝ። ምሕረት ካለ ይማሩኝ፤ ከሌለም ማጭዱ በእጅዎ ነው» አላት።

ይህን አንገት ስንቴ በሕልሟ ቆርጣዋለች! አሁን ፊቷ ያለው ግን ያለ ዕድሜው ያረጀ ሰው ነው። ሣሩ ላይ ተቀመጠችና ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ልቧም ቀስ በቀስ ረጋ። ከዚያ ተነሥታ ድንጋዩን አወረደችለት፤ ቄጠማውንም አጭዳ ራሱ ላይ አሰረችለት።

አብረው ሲወጡ የባሏ ወንድም ወንድይፍራው ጦሩን እንደነቀነቀ መንገድ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ዞር በይ! የወንድሜ ደም ነው!»

«የባሌም ደም ነው» አለችው ሳትነቃነቅ። «መግደል ካለብህ ቄጠማውን ቀድመህ ፍታ። እኔ አስሬዋለሁ፤ የትንሣኤን ቄጠማ ማን ይፍታው?»

ወንድይፍራው እጁን ዘረጋ፤ ቋጠሮውን ነካው ይላሉ። ግን አልፈታውም። ጦሩን መሬት ላይ ተክሎ ሄደ። አንዳንዶች ያንኑ ዕለት ይቅር አለ ይላሉ፤ ሌሎች ግን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቆይቷል ባዮች ናቸው። ትርንጎ ግን ያን ፋሲካ በሯን ወለል አድርጋ ከማዶ ሰዎች ጋር ፈሰከች።

ዛሬም በቀዳም ስዑር የማንይፍታውን የመጀመሪያ ቄጠማ ካህን አያስርም። በዓመቱ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ይጠሩና አንዱ በሌላው ራስ ላይ ያስራል፤ እስኪተሳሰሩም ቃጭሉ አይደወልም። «የተጣላ ሰው የጠፋ ዓመትስ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ፣ ሽማግሌዎቹ ፈገግ ብለው «እንዲህ ያለ ዓመት ገና አላየንም» ይሉታል።