የብርቅ ውሃ ድልድይና የሱቅ ግብር

ቀረብ በሉና ስሙኝ፤ እኔ ስቀጥል እናንተም ተቀበሉኝ።

ሾላ በር የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ብርቅ ውሃ የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ገበያውና ማዘጋጃ ቤቱ ወዲህ ናቸው፤ ወዲያ መንደር ብቻ ነው። ጥሩአየር የሚሏት ባልቴት ወዲህ ትኖራለች። ታላቅ እህቷ ውድነሽ፣ ዓይነ ስውሯ፣ ወዲያ ማዶ ትኖራለች። ጥሩአየር እየተሻገረች የእህቷን ፀጉር ታጥብላት፣ እሳት ታነድላት፣ አብራት ታወራ ነበር።

አንድ ክረምት ጎርፍ መጣና የእንጨቱን ድልድይ ጠርጎ ወሰደው። ዙሪያው መንገድ ለወጣት ጉልበት እንጂ ለእሷ አይሆንም። የጥሩአየር ፍላጎት ትንሽ ነበረች፦ ወደ እህቷ መሻገር።

አናጢው ፈጠነ ዘንድ ሄደች።

«ፈጠነ ልጄ፣ ድልድዩን ሥራልኝ።»

«እማማ፣ እጄም ይኸው፣ መዶሻዬም ይኸው። ግን ምኑን ልቸንክር? መጀመሪያ ጣውላ ይገኝ።»

አናጢው አልቸነክርም አለ፤ ድልድዩ አልቆመም፤ ጥሩአየር አልተሻገረችም።

ጣውላ ሻጩ ሰይድ ዘንድ ሄደች።

«ጣውላስ ሞልቷል፣ እማማ» አላት። «ለሕዝብ ሥራ የሚሆን እንጨት ያለ ከንቲባው ፈቃድ ከሸጥኩ ግን መጋዘኔን ያሽጉብኛል። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

ጣውላ ሻጩ አልሸጥም አለ፤ አናጢው አልቸነክርም አለ፤ ድልድዩ አልቆመም፤ ጥሩአየር አልተሻገረችም።

ከንቲባው አቶ ደምመላሽ ዘንድ ሄደች። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት።

«እማማ፣ በጀት ለሌለው ሥራ ብፈርም ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ገንዘብ ያዧ ‹አለ› ትበለኝ እንጂ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

ከንቲባው አልፈርምም አለ፤ ጣውላ ሻጩ አልሸጥም አለ፤ አናጢው አልቸነክርም አለ፤ ድልድዩ አልቆመም፤ ጥሩአየር አልተሻገረችም።

ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ሄደች። አስካለ ካዝናውን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ይኸው፣ በዓይንዎ ይዩት። የጤና ጣቢያው ጣሪያም ያፈሳል፣ ድልድዩም ፈርሷል። ለዚሁ ብለን ዘንድሮ የሱቅ ግብር ጨመርን፤ ነጋዴዎቹ አንከፍልም አሉ። ከየት ላምጣ?»

ገንዘብ ያዧ አልሰጥም አለች፤ ከንቲባው አልፈርምም አለ፤ ጣውላ ሻጩ አልሸጥም አለ፤ አናጢው አልቸነክርም አለ፤ ድልድዩ አልቆመም፤ ጥሩአየር አልተሻገረችም።

የነጋዴዎቹ ተጠሪ ሽኩር ዘንድ ሄደች። ጨርቅ ሻጭ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል።

«ደንበኞቼ የማዶ ሰዎች ናቸው፣ እማማ» አላት። «ድልድዩ ከሄደ ወዲህ ማን ይመጣል? ገበያው ሲቀንስ ግብሩ ይጨምራል እንዴ? ድልድዩን ይሥሩና እንከፍላለን።»

ነጋዴዎቹ አንከፍልም አሉ፤ ገንዘብ ያዧ አልሰጥም አለች፤ ከንቲባው አልፈርምም አለ፤ ጣውላ ሻጩ አልሸጥም አለ፤ አናጢው አልቸነክርም አለ፤ ድልድዩ አልቆመም፤ ጥሩአየር አልተሻገረችም።

«ታዲያ ድልድዩ ራሱን ድልድዩን እየጠበቀ ነዋ!» አለች ጥሩአየር። ሳቀች፤ ደግሞ ከፋት።

በማግስቱ ወንዙ ዳር ቆማ «እትዬ!» ብላ ተጣራች። የመለሰችላት የውድነሽ ጎረቤት ነበረች፦ «ትኩሳት ይዟታል! ስምሽን እየጠራች ነው!»

የዚያን ዕለት ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ግብሩ ሕዝቡን ሰብስቦ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። አንዱ የምክር ቤት አባል «የማይከፍል ሱቅ ይታሸግ!» ይላል። ሽኩር «ባዶ ሱቅ ማሸግ ምን ይጠቅማችኋል!» ይላል። ጥሩአየር ከኋላ ተነሣች።

«ሽኩር፣ የአምናውን ያህል ግብር ቢሉህ ትከፍላለህ?»

«የአምናውንማ ዛሬውኑ እከፍላለሁ። የከበደን ጭማሪው ነው።»

«ወይዘሮ አስካለ፣ የአምናው ለድልድይ ይበቃል?»

አስካለ አሰብ አደረገች። «ለእንጨት ድልድይ ይበቃል። ለጣሪያው ግን አይተርፍም።»

«እንግዲያው አሁን የአምናውን ይክፈሉ። ጭማሪው ድልድዩ ቆሞ፣ ሰው ተሻግሮ፣ ገበያው ሲሞላ ይምጣ። እህቴ ታማብኛለች፤ የማውቀው ይኼን ብቻ ነው።»

ከንቲባው ወደ ጤና ጣቢያዋ ነርስ ዞረ። «ጣሪያው ሊዘገይ ነው። ምን ትያለሽ?»

ነርሷ ደስ አላላትም። «አልጋዎቹን ወደማያፈሰው ጥግ እንገፋለን» አለች በመጨረሻ። «የማዶ ሕመምተኛ ካልተሻገረ ጣሪያው ለማን ነው? ግን ጭማሪው ሲገባ ቀዳሚው ጣሪያው ይሁን።»

«ይሁን» አለ ሽኩር። «በሕዝብ ፊት ብያለሁ።» እጅ ወጣ፤ ጸደቀ።

ይኼኔ ነጋዴዎቹ ከፈሉ፤ ገንዘብ ያዧ ሰጠች፤ ከንቲባው ፈረመ፤ ጣውላ ሻጩ ሸጠ፤ አናጢው ቸነከረ፤ ድልድዩ ቆመ፤ ጥሩአየር ተሻገረች!

ነርሷን አስከትላ ገባች። ውድነሽ ከስታለች፤ ትኩሳቱ ግን በረድ ብሎላታል። ነርሷ መድኃኒት ሰጠቻት፤ ጥሩአየር ውሃ አሙቃ ፀጉሯን አጠበችላት። የከረመ ወሬያቸውን ሲያወሩ ዋሉ።

ውድነሽ ስታገግም አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ ነጠላዋን በእጇ መፈለግ ጀመረች።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

«ወደ ገበያ ነዋ። አገር ሁሉ ሲሻገር እኔ ልተኛ ነው? ነይ፣ ያዢኝ።»

ክንዷን ያዘቻት፤ ወጡ። እኔም እስከዚህ ሸኘኋችሁ፤ ደህና ግቡ።