በሰም የታሸገው ታንክ

አንድ ሁሉን ነገር የሚቆጥር ሰው ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ከጋሪ ነጂነት ተነስቶ የሚኒባስ ባለቤት የሆነው በመቁጠር ነው። የመኪናው ጎማ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ መናኸሪያው ውስጥ ስንት መኪና ተራ እንደሚጠብቅ ሳይጽፍ ያውቃል።

ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን እንዳይቸገር፣ ይርዳው በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ በርሜል ሞልቶ ጓሮው ያቆማል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። ክረምት ላይ ማደያው ቤንዚን ባጣ ሰሞን ጠዋት ጠዋት በራሱ እጅ ሃያ ሊትር እየቀዳ ሚኒባሱ ላይ ይሞላና ቁልፉን ለሾፌሩ ለደርቤ ይሰጠዋል። በሃያ ሊትር ሚኒባሱ ጎረቤት ከተማ ስምንት ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። ስምንት እንጂ ሰባት ሆኖ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ግን ሰባት ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ስድስት ሆነ።

"ጋሼ፣ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፤ ሞተሩም ያንኳኳል። ቤንዚኑ ደህና አይመስለኝም" አለ ደርቤ።

"ቤንዚኑን የቀዳሁት እኔ ነኝ።"

"መቅዳቱንማ ቀድተውታል።"

ይርዳው መልሱን አልወደደውም። በማግስቱ የሚኒባሱን ቤንዚን ታንክ ክዳን በሰም አሸገና ማህተም እንደሚመታ ሰው አውራ ጣቱን ጫነበት። ማታ ሲያየው ሰሙ እንዳለ ነው፤ የጣቱ መስመር እንኳ አልጠፋም። ምልልሱ ግን ያው ስድስት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ይርዳው ግን "ይሄ ሰውዬ ከሥር የሚቀዳበት ዘዴ አግኝቷል" አለ በልቡ። ደርቤን የሚያውቀው ስምንት ዓመት ነው፤ ከቁጥር ጋር ግን ዕድሜ ልኩን ኖሯል።

ጠዋት መናኸሪያ ላይ እጁን ዘረጋ። "ቁልፉን አምጣ። ከሌባ ጋር አልሠራም።"

ቆመው የሰሙት አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። በልማዱ ቆጥሯቸዋል።

ደርቤ ቁልፉን አቀበለው። "ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ሌባ የተባለን ሾፌር ማን መሪ ያስጨብጠዋል?"

"ቀድመህ ማሰብ ነበረብህ።"

የዚያን ዕለት ይርዳው ራሱ ነዳ። ስድስተኛውን ምልልስ ጨርሶ ለሰባተኛው እንደወጣ መኪናው አጓራ፣ አንኳኳ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመ።

"ምን ሆነ?" አለች የሽንኩርት ጆንያ ይዛ የተሳፈረች ሴት።

"ቤንዚን አለቀ።"

"ዛሬስ ማን ሰረቀዎት?"

ተሳፋሪው ሳቀ። ይርዳው አልሳቀም። የቀዳው እሱ፣ የነዳው እሱ። በመካከል የገባ ሌላ እጅ የለም።

ማታውኑ ኑሪ የሚባል መካኒክ ጓሮው መጣ። ቱቦ እስከ በርሜሉ ወለል ሰዶ አንድ ጠርሙስ ቀዳና አጥሩ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት ሲቆይ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ለሁለት ተከፈለ፤ መካከሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ መስመር ታየ።

"ከላይ ያለው ቤንዚን ነው። ከታች ያለው አልኮልና ውሃ" አለ ኑሪ።

"አልኮል ከየት መጣ?"

"ከማደያው። አሁን የሚሸጠው ቤንዚን ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ኢታኖል ይቀላቀልበታል። ቶሎ ከተጠቀሙበት ክፋት የለውም፤ ኪሎ ሜትሩን ጥቂት ቢቀንስ ነው። ግን ውሃ ይወዳል። የበርሜልዎ ክዳን አርጅቷል፤ ዝናቡ ላዩ ላይ እየተኛ ወደ ውስጥ ይገባል።"

"ሃያ ዓመት እዚሁ ነው የቆመው። ዝናቡም ያው ዝናብ ነው።"

"ድሮ የገባው ውሃ ብቻውን ወለሉ ላይ ይተኛል። የእርስዎ ቱቦ ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ስለሚል አይነካውም። አሁን ግን ውሃው ኢታኖሉን ይዞት ይወርዳል። አብረው ወፍረው ቱቦዎ ጋ ደርሰዋል። መኪናው ሲጠጣ የከረመው እሱን ነው።"

ይርዳው ጠርሙሱን አነሳው። ሃያው ሊትር ሃያ ሊትር ነበር፤ አልተሳሳተም። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አንድም ቀን አላየም።

በማግስቱ ማለዳ ደርቤ ቤት ሄዶ ቁልፉን ዘረጋለት። ደርቤ እጁን አላነሳም።

"ቁልፉን እቀበላለሁ፤ እዚህ ግን አይደለም። በተቀበሉኝ ቦታ ይስጡኝ።"

መናኸሪያ ሄዱ። ይርዳው ድምፁን ከፍ አድርጎ "ደርቤ አልሰረቀኝም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለ። ደርቤ ቁልፉን ተቀብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ይርዳው እንደ ልማዱ ዙሪያውን ቆጠረ። ከአሥራ አንዱ ሰዎች ዛሬ ያሉት አራት ናቸው። ሰባቱ የሉም። አንዱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ወደ ጠረፍ ወርዷል። ሁለቱ መንገደኞች ናቸው፤ ስማቸውን እንኳ አያውቅም። ሰባቱም በሄዱበት ሁሉ ደርቤ ሌባ ነው።

ከዚያ ወዲህ ይርዳው በርሜል አይሞላም፤ እንደ ሰው ሁሉ ማደያ ተሰልፎ ይቀዳል። ሰባቱን ግን እየፈለገ ነው። እስካሁን ሁለት አግኝቷል።

ቁጥር ሲጎድል መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሰውን ነው። የለመድነው ነገር በውስጡ ተለውጦ እንደሆነ ለማየት አንድ ጠርሙስ በቂ ነበር። ሰው ፊት የተናገርነውን ለመመለስ ግን የሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ ማግኘት ያስፈልጋል።

እርስዎስ በመጨረሻ ሰው የወነጀሉ ዕለት ስንት ሰው ሰምቶ ነበር? ዛሬ ስንቱን ያገኙታል?